ለአነስተኛ ንግድ ድረ ገጽ ፍሪላንሰር ዲዛይነር መቅጠር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፔንሲዮን፣ ክሊኒክ፣ የፈርኒቸር ወርክሾፕ ወይም የቡና ላኪ ድርጅት ያላቸው ሰዎች ድረ ገጽ ለማሠራት ሲነሱ የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ተቀራራቢ ናቸው። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ካጣችሁ ስለ ዶሜን (ስለ ድረ ገጹ አድራሻ ስም) የተጻፈውን ሳታነቡ ግን ብር እንዳትከፍሉ። ሰው በብዛት የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

ቴሌግራም ቻናልና ቲክቶክ አለኝ። ድረ ገጽ ምን ያደርግልኛል?

ምናልባት አሁን ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ደንበኞቻችሁ የሰፈር ሰዎች ከሆኑ፣ ዕቃውን ቴሌግራም ላይ አይተው ደውለው የሚገዙ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ለጥሩ ፎቶ ብታውሉት ይሻላል። በዚያ ላይ የጎግል የንግድ ገጽ በነፃ ነው የሚከፈተው። ስልካችሁ፣ ካርታችሁና የሥራ ሰዓታችሁ ይወጣበታል። ከእሱ ጀምሩ።

ድረ ገጽ በእርግጥ የሚጠቅመው የማያውቃችሁ ሰው እናንተን ለማመን ሲፈልግ ነው። ከዋሽንግተን ለሠርግ የሚመጣ ቤተሰብ ፔንሲዮን የሚፈልገው ጎግል ላይ ነው። ቡና የሚገዛ የጀርመን ድርጅት የቴሌግራም ቻናላችሁን ቁልቁል እየጎተተ ዋጋ አይፈልግም። የግዢ ክፍል ያለው ኤንጂኦም ቢሆን አቅራቢውን ሲያጣራ መጀመሪያ የሚያየው ድረ ገጽና የድርጅት ኢሜይል ነው። ሌላው ደግሞ የቲክቶክ ወይም የፌስቡክ አካውንት በአንድ ሌሊት ሊዘጋ ወይም ሊጠለፍ መቻሉ ነው። በራሳችሁ ዶሜን ላይ ያለ ገጽ ግን የእናንተ ነው፣ በደንብ ከያዛችሁት።

ፍሪላንሰር ይሻላል ወይስ ድርጅት?

ከአምስት እስከ አሥር ገጽ ላለው ተራ የንግድ ድረ ገጽ ጎበዝ ፍሪላንሰር ይበቃል። ዋጋውም ይቀንሳል፤ የምታወሩትም ከሚሠራው ሰው ጋር ነው። የዕቃ ክምችት የሚቆጣጠር፣ ከሂሳብ ሶፍትዌር ጋር የሚገናኝ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ሥርዓት ከሆነ ግን ለአንድ ሰው ይከብዳል። ያኔ ድርጅት ፈልጉ።

የፍሪላንሰር ትልቁ ድክመት አንድ ሰው መሆኑ ነው። ቋሚ ሥራ ያገኛል፣ ይታመማል፣ ውጭ ይሄዳል። ይህ የሱ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራውን ነገ ሌላ ሰው ሊረከበው በሚችልበት መንገድ አሠሩት። ከዚህ በታች የምታነቧቸው ምክሮች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በዚሁ ላይ ነው።

እኔው ራሴ በዊክስ ብሠራውስ?

ይቻላል፤ ዊክስ ኮድ ሳይጻፍ ድረ ገጽ የሚሠራበት የኦንላይን አገልግሎት ነው። ነገር ግን ክፍያው በዶላር ነው፣ በየጊዜውም ይታደሳል። ዊክስ ላይ የሠራችሁትን ገጽ ነቅላችሁ ወደ ሌላ ሆስቲንግ (ገጹ በኪራይ የሚቀመጥበት ሰርቨር) መውሰድም አትችሉም። የውጭ ካርድ ያለውና ገጹን ራሱ ማስተካከል የሚወድ ሰው ይሞክረው።

ጥሩ ሰው ከየት ላግኝ?

የእናንተን መሰል ንግድ ድረ ገጾች ክፈቱና የወደዳችሁትን ምረጡ። ብዙ ጊዜ ከገጹ ግርጌ የሠሪው ስም አለ። ከሌለ ለባለቤቱ ደውሉ፤ ሰው ደስ ብሎት ይነግራችኋል። ቴሌግራም ላይም እንደ አፍሪወርክ ያሉ የፍሪላንስ መድረኮች አሉ። ሥራ ስታወጡ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ማመልከቻ ይዘንብባችኋል፣ ስለዚህ የምታጣሩበትን ነገር ቀድማችሁ አስቡበት።

የማጣሪያው ዋና መንገድ ቀላል ነው። የሠራቸውን ሦስት ድረ ገጾች አድራሻ ላክልኝ በሉት። ስክሪንሾት አይበቃም፣ አሁን የሚሠራ ገጽ መሆን አለበት። ከዚያ ዋይፋይ አጥፉና በስልካችሁ ዳታ ክፈቱት። ቢሮ ውስጥ በላፕቶፕ የሚያምር ገጽ ታክሲ ውስጥ በስልክ ሲከፈት ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ደንበኛችሁ ደግሞ ያለው ታክሲው ውስጥ ነው። ስልክ ቁጥሩን ንኩት፤ ይደውላል? ፎቶዎቹ ይመጣሉ? አማርኛው ይነበባል?

በመጨረሻ ከቀድሞ ደንበኞቹ ለአንዱ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሥራው ካለቀ በኋላ ስልክ ያነሳላችኋል? ፓስዎርዱ ያለው እናንተ ጋ ነው ወይስ እሱ ጋ? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ስለ ሰውየው ብዙ ይነግራችኋል።

ዋጋው ስንት ነው?

አንድ ቁጥር የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ። ምን እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ዋጋ የጠራ ዲዛይነር ወይ ቴምፕሌት (ቀድሞ የተሠራ ንድፍ) ገልብጦ ሊሰጣችሁ ነው፣ ወይ መሐል ላይ ጭማሪ ሊጠይቅ ነው። ዋጋውን የሚወስኑት የገጾቹ ብዛት፣ የቋንቋው ብዛት (አማርኛና እንግሊዝኛ ማለት ሁለት እጥፍ ጽሑፍ ነው)፣ ክፍያ መቀበል አለመቀበሉ፣ ጽሑፉንና ፎቶውን የሚያቀርበው ሰው፣ ከዚያ በኋላም የሚንከባከበው ሰው ነው። ለሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ወረቀት ስጡና ዋጋ አስገቡ። ወረቀቱ አንድ ካልሆነ ዋጋዎቹን ማወዳደር አይቻልም።

የአንድ ጊዜውን ክፍያ ከዓመታዊው ለዩ። ዶት ኮም ዶሜን በአብዛኛው በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው። ሆስቲንግም በየዓመቱ ይታደሳል፣ የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ ሲያልቅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይጨምራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን በዶላር የሚከፈለው ያው ሆኖ በብር ከበፊቱ በጣም በልጧል። ስለዚህ የዘንድሮውን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ፤ «በሚቀጥለው ዓመት ምን ምን እከፍላለሁ፣ ለማን?» በሉ።

በጣም የረከሰ ዋጋ ሲመጣ የምፈራው አንድ ነገር አለ። ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ የሚሠሩ ብዙ ልጆች የውጭ ካርድ ስለሌላቸው በገንዘብ የሚሸጡትን ቴምፕሌቶችና ፕለጊኖች (ተጨማሪ መሣሪያዎች) የተሰበረ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተደረገ ቅጂ አውርደው ይጭናሉ። ቅጂዎቹ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ ቫይረስ ከወራት በኋላ ገጻችሁን ወደ ቁማር ማስታወቂያ ሊመራው ይችላል። ጎግልም «ይህ ገጽ አደገኛ ነው» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣበታል። ነፃ የሆነ ሕጋዊ ቴምፕሌት ከተሰበረ ውድ ቴምፕሌት በብዙ ይሻላል። በግልጽ ጠይቁ፦ «የምትጭነው ሁሉ ላይሰንስ አለው?»

ለዲዛይነሩ ምን ብዬ ልንገረው?

«ቆንጆ ድረ ገጽ ሥራልኝ» አትበሉ። ንግዳችሁን፣ ደንበኛችሁንና ደንበኛው ገጹን ከፍቶ እንዲያደርግ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጻፉ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ለምሳሌ ባህር ዳር ያለ ፔንሲዮን እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«12 ክፍል አለን፣ ቀበሌ 14 አካባቢ። እንግዶቻችን ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የሚመጡ ሠራተኞችና ለጥምቀት የሚመጡ ዳያስፖራዎች ናቸው። ገጹን የከፈተ ሰው ዋጋ አይቶ በስልክ ወይም በቴሌግራም ክፍል እንዲይዝ ነው የምንፈልገው። ኦንላይን ክፍያ ለጊዜው አያስፈልገንም። አማርኛና እንግሊዝኛ። የክፍሎቹን ፎቶ እኛ እናቀርባለን። ከጥምቀት አንድ ወር በፊት ማለቅ አለበት።»

ይህን ያነበበ ዲዛይነር ሥራውን ያውቀዋል። ክፍል መያዣ ሶፍትዌር ሊሸጥላችሁ አይሞክርም፣ ቢሞክርም አያስፈልገንም ብላችሁ ጽፋችኋል። የምትወዷቸውን ሁለት ድረ ገጾች አያይዙና ምናቸውን እንደወደዳችሁት አንድ መስመር ጨምሩበት።

ዶሜኑ በማን ስም ይሁን?

በእናንተ። ድርድር የለውም።

ዶሜን ማለት ደንበኛ ጽፎ የሚገባበት ስማችሁ ነው። የድርጅት ኢሜይላችሁም በሱ ላይ ነው የሚቆመው። ዲዛይን ቢጠፋ እንደገና ይሠራል። ዶሜን ከእጅ ከወጣ ግን ቢዝነስ ካርዱ፣ የሱቁ ታፔላ፣ ጎግል ላይ ያፈራችሁት ቦታ ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

ችግሩ የሚመጣው በክፋት ብቻ አይደለም። በጣም የተለመደው እንዲህ ነው፦ ባለቤቱ የውጭ ካርድ የለውም። ዲዛይነሩ «እኔ እገዛልሃለሁ» ብሎ በራሱ አካውንት ይገዛል። ሁሉም ይስማማል። ከሁለት ዓመት በኋላ የማደሻ ማስታወሻው የሚደርሰው ዲዛይነሩ በተወው ኢሜይል ላይ ነው። ማንም አያየውም። አንድ ጠዋት ገጹ የለም፣ ኢሜይሉም አይሠራም። ዶት ኮም ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደ ሻጩ ደንብ የተወሰነ የማደሻ ጊዜ ይኖረዋል፣ ቀጥሎ ተጨማሪ ቅጣት የሚከፈልበት 30 ቀን አለ፣ ከዚያ በኋላ ለማንም ይለቀቃል። ጥሩ ስም ከሆነ የሚያነሳው አይጠፋም።

ስለዚህ አካውንቱን ራሳችሁ ክፈቱ። ዲዛይነሩ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይርዳችሁ፣ ኢሜይሉና ስልኩ ግን የእናንተ ይሁን። ኢሜይሉ የግል ጂሜይላችሁ ይሁን እንጂ በዚያው ዶሜን ላይ የተከፈተ አይሁን፤ ዶሜኑ ከተቋረጠ ያ ኢሜይልም ስለሚቋረጥ የማዳኛ መልእክቱ አይደርሳችሁም። በሁለት ደረጃ የሚያረጋግጠውን መቆለፊያም አብሩት።

ኦንላይን የባለቤት መፈለጊያ ላይ አይቼ አረጋግጣለሁ የሚል አለ። አሁን ብዙው መረጃ ስለሚደበቅ ስማችሁን ላታገኙት ትችላላችሁ። አስተማማኙ ማረጋገጫ ዲዛይነሩ በሌለበት ራሳችሁ ገብታችሁ ዶሜኑን «የእኔ ዶሜኖች» ውስጥ ማየት ነው። ዛሬ ማታ ሞክሩት።

በዲዛይነሩ ስም የተገዛውን ማዛወር ይቻላል?

አዎ። ሁለታችሁም አንድ ሻጭ ጋ አካውንት ካላችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ እናንተ ይገፋዋል። ወደ ሌላ ሻጭ ከሆነ መቆለፊያው ይነሳና የማዛወሪያ ኮድ ይሰጣችኋል። አዲስ የተገዛ ዶት ኮም ግን በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ ሻጭ አይዛወርም። ይህን በሰላም ጊዜ አድርጉት፤ ከተጣላችሁ በኋላ ከባድ ነው።

ዶት ኮም ወይስ ዶት ኢቲ?

ዶት ኢቲንና ዶት ኮም ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ክፍያው በብር መሆኑ ትልቅ ዕረፍት ነው። ደንበኞቻችሁ አገር ውስጥ ከሆኑ በቂ ነው። ወደ ውጭ የምትሸጡ ወይም እንግዳ ከውጭ የምትቀበሉ ከሆነ ዶት ኮሙን ያዙ፣ ከቻላችሁ ሁለቱንም። ስሙ አጭር ይሁን፣ በስልክ ሲነገር በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት ብቻ አጻጻፍ ያለው ይሁን። ጸ፣ ጨ ወይም ቀ ያለበት ስም ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ይጽፈዋል። ለሦስት ጓደኞቻችሁ ስሙን በስልክ ንገሩና ጽፈው እንዲልኩላችሁ አድርጉ፣ ወዲያው ታውቁታላችሁ።

የዶላር ካርድ የለኝም። አሜሪካ ያለች እህቴ ትግዛልኝ?

ትግዛ። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ከማይታወቅ ሰውም ይሻላል። አካውንቱን ግን እናንተ በኢሜይላችሁ ክፈቱ፣ እሷ ካርዷን ብቻ ታስገባ። ሁለት ሦስት ዓመት አንድ ላይ መክፈል ይቻላል። የእሷ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ሲቀየር በራሱ የሚታደሰው ክፍያ ይከሽፋል፣ ስለዚህ የሚታደስበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ከአንድ ወር በፊት አስታዋሽ አድርጋችሁ ያዙት። አንዳንድ የአገር ውስጥ ባንኮችም ለውጭ ክፍያ የሚያገለግል ካርድ ይሰጣሉ፤ የባንካችሁን ቅርንጫፍ ጠይቁ።

ከትንሽ ሥራ ጋር ውል ምን ያደርጋል? የማውቀው ልጅ ነው።

የምታውቁት ልጅ ከሆነ ይበልጥ ያስፈልጋል። ውሉ ካለ የምትከራከሩት በወረቀቱ ላይ ነው፣ ዝምድናውም ወዳጅነቱም ይተርፋል።

ሁለት ገጽ ይበቃል፦ ምን እንደሚሠራ (ከላይ የጻፋችሁትን ወረቀት አያይዙ)፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚደረግ፣ ክፍያው በስንት ዙር እንደሚከፈል፣ ከርክክብ በኋላ ብልሽት ቢገኝ ለስንት ጊዜ በነፃ እንደሚያስተካክል። ይህን አንቀጽ እንዳለ ገልብጡት፦

«ዶሜኑ፣ ሆስቲንጉና ከሥራው ጋር የተያያዙ አካውንቶች በሙሉ በአሠሪው ኢሜይል ይከፈታሉ። ሠሪው ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገው መግቢያ ይሰጠዋል። ክፍያው ሲጠናቀቅ የዲዛይኑ፣ የኮዱ፣ የጽሑፉና የምስሎቹ የመጠቀም፣ የማሻሻልና ለሌላ ሠሪ የማስረከብ መብት ሙሉ በሙሉ የአሠሪው ይሆናል። ሠሪው ሥራውን በናሙናነት ማሳየት ይችላል።»

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል፣ ስለዚህ የመብቱን ጉዳይ ሳይጻፍ አትለፉት። በየገጹ ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሙ።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። መጀመሪያ የሚከፈለውን ሁሉ ሰው «ቀብድ» ይለዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ቀብድ የራሱ ውጤት አለው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ሰው ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል፣ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ መውጣት ይችላል። እናንተ ልትሉ የፈለጋችሁት ከጠቅላላው ዋጋ ላይ የሚታሰብ የመጀመሪያ ክፍያ ብቻ ከሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ፣ ሥራው ቢቋረጥ ምን እንደሚመለስም አስቀምጡ።

ክፍያውን እንዴት ልከፋፍለው?

እኔ የምመክረው ሦስት ዙር ነው። ሲጀመር አንድ ሦስተኛ፣ ዲዛይኑን በስልክም በኮምፒውተርም አይታችሁ ስታጸድቁ አንድ ሦስተኛ፣ ሁሉንም ስትረከቡ ቀሪው። ሙሉውን ቀድማችሁ አትክፈሉ። ዲዛይነሩንም ያለ ቅድሚያ ክፍያ አታሠሩት፤ እሱም ቤት ኪራይ አለበት፣ ያለ ክፍያ የተጀመረ ሥራ ሁልጊዜ ከሌላው ሥራ ኋላ ነው የሚሰለፈው።

የዶሜንና የሆስቲንግ ወጪ ከዲዛይን ክፍያው ተለይቶ ይጻፍ። ሂሳብ መዝገብ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ደረሰኝ መስጠት መቻሉንና የቲን ቁጥሩን ከውሉ በፊት ጠይቁ። የዊዝሆልዲንጉን (ከክፍያው ላይ ተቀንሶ ለመንግሥት የሚገባውን ግብር) ነገር የሂሳብ ሠራተኛችሁ ይንገራችሁ፣ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ «ይህ ተቀንሶ ነው እንዴ?» የሚል ጭቅጭቅ ጥሩ አይደለም።

አማርኛው ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ይህ ጥያቄ ከተገባው በላይ ችላ ይባላል። ብዙ ቢሮ ውስጥ ያሉ የቆዩ ብሮሹሮችና ሜኑዎች በፓወር ግዕዝ (በቆየ የአማርኛ መጻፊያ) የተጻፉ ናቸው። እዚያ ፊደሉ የሚታየው ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ጽሑፉ እንዳለ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ደንበኛው የሚያየው ትርጉም የለሽ ቅልቅል ነው፣ ጎግልም አያነበውም። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ዛሬ ይህን የሚያደርግ ሠሪ ምክንያት የለውም።

አንዳንዱ ደግሞ ይህን ለመሸሽ አማርኛውን በፎቶ መልክ ያስገባዋል። ያምራል፣ ግን አይፈለግም፣ አይተረጎምም፣ በቀርፋፋ ኔት ላይ አይከፈትም። መፈተኛው ይኸው፦ ከገጹ ላይ አንድ የአማርኛ አረፍተ ነገር ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። በትክክል ከተነበበ ደህና ነው።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት ነፃ ነው፣ ስልክ ላይም ጥርት ብሎ ይነበባል። ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ ዝርዝር ስላለው ትንሽ ተለቅ ያለ መጠንና ሰፋ ያለ የመስመር ርቀት ይፈልጋል። ዲዛይነሩ በእንግሊዝኛው ልክ ትቶት ከሆነ አስተካክል በሉት።

የሥራ ሰዓት ላይም ተጠንቀቁ። በአማርኛው ገጽ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት» ይባል። በእንግሊዝኛው ገጽና በጎግል የንግድ ገጽ ላይ ግን በውጭ አቆጣጠር ከ8 እስከ 8 መሆን አለበት። ጎግል ላይ 2 ብሎ የሞላ ባለ ክሊኒክ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በር የሚያንኳኳ ታካሚ ሊመጣበት ይችላል።

ጽሑፉንና ፎቶውን ማን ያዘጋጃል?

ካልተስማማችሁ በቀር እናንተ። ሥራ የሚጓተተውም በአብዛኛው እዚህ ነው፤ ዲዛይነሩ ጨርሶ ጽሑፍ ሲጠብቅ ወር ያልፋል። ስለ ራሳችሁ ረጅም ታሪክ አትጻፉ። የምትሸጡትን፣ ዋጋውን፣ የት እንዳላችሁ ጻፉ። አድራሻችሁን እንደምንናገረው አስቀምጡት፦ ከየትኛው አደባባይ፣ ከየትኛው ሕንፃ ጀርባ፣ ስንተኛ ፎቅ። ከሥሩም የካርታ ሊንክ ይግባ።

ፎቶ የራሳችሁ ይሁን። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ፈገግታ ያለበት የጥርስ ክሊኒክ ማንንም አያሳምንም። በመስኮት ብርሃን በስልክ የተነሳ የራሳችሁ ክፍል ይበልጣል። ዲዛይነሩ ፎቶዎቹን ሳያሳንስ እንዳይጭን ብቻ ንገሩት። ከስልክ የወጣ ፎቶ አራት አምስት ሜጋባይት ይሆናል፤ ለድረ ገጽ ከ200 ኪሎባይት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ደንበኛው የሚከፍተው በገዛው ፓኬጅ ነው።

ቴሌብር ወይም ባንክ ክፍያ ማስገባት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ቴሌብር አለ፣ እንደ ቻፓ ያሉ ብዙ ባንኮችንና ዋሌቶችን በአንድ የሚያገናኙም አሉ። የነጋዴ አካውንቱን በንግድ ፈቃዳችሁ የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ፣ ገንዘቡም ቀጥታ ወደ እናንተ ሂሳብ ይገባል። የዲዛይነሩ ድርሻ ማገናኘት ነው። «በእኔ አካውንት ይግባና አስተላልፍላችኋለሁ» የሚል ሐሳብ ከመጣ እምቢ በሉ። በቀን ሁለት ሦስት ትዕዛዝ ብቻ ካላችሁ ግን የሂሳብ ቁጥር ጽፎ በስልክ ማረጋገጥ ለጊዜው ይበቃል።

ደንበኛ ፎርም ላይ ስሙንና ስልኩን ቢሞላ ችግር አለው?

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የማያስፈልጋችሁን አትጠይቁ፣ ለምን እንደምትሰበስቡ በአጭሩ ጻፉ። የጤና መረጃ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ክሊኒክ ከሆናችሁ ፎርሙ ላይ ሕመም አታስጽፉ፣ ለቀጠሮ ስምና ስልክ ይበቃል። ገጹ መቆለፊያ ያለው ኤችቲቲፒኤስ መሆኑን እዩ። ሰርተፍኬቱ በነፃ ይገኛል፣ ለሱ ብቻ ተብሎ ብዙ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

«ጎግል ላይ አንደኛ አወጣችኋለሁ» አለኝ። ልመነው?

አትመኑት። ማንም ለጎግል ትዕዛዝ አይሰጥም። ቶሎ የሚከፈት፣ በስልክ የሚነበብ፣ ሰው የሚፈልገውን ቃል በግልጽ የያዘ ገጽ ሊሠራላችሁ ይችላል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው ስንት ጊዜ ይወስዳል?

ጽሑፉና ፎቶው ዝግጁ ከሆነ ለትንሽ ድረ ገጽ ጥቂት ሳምንት ይበቃል። ዝግጁ ካልሆነ ማለቂያ የለውም። አስተያየት የሚሰጠው ሰውም አንድ ይሁን። ባል፣ ሚስትና ወንድም በየፊናቸው ሲደውሉለት ዲዛይነሩ ማንን ይስማ?

ሲያስረክበኝ ምን ምን ልቀበል?

አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ያስረክባችሁ። የዶሜኑ፣ የሆስቲንጉና የዎርድፕሬሱ ዋና አስተዳዳሪ መግቢያ፣ የኢሜይሎቹ ፓስዎርድ፣ የጎግል የንግድ ገጹና የጎብኚ መቁጠሪያው ባለቤትነት፣ የሎጎው ኦሪጅናል ፋይል፣ የገጹ ሙሉ ባክአፕ በፍላሽ። ሁሉንም በፊቱ ከፍታችሁ ግቡ። ከዚያ ፓስዎርዶቹን ቀይሩ። ይህ አለመተማመን አይደለም፣ ጎበዝ ባለሙያ ራሱ ቀይሩ ይላችኋል።

ቀጥሎ ዋጋ መቀየርና ፎቶ መጨመር ያሳያችሁ፣ እናንተም እሱ እያየ አድርጉት። ስታደርጉት ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ ቅረጹት። ከሦስት ወር በኋላ ያ ቪዲዮ ያስፈልጋችኋል። ዎርድፕሬስ ከሆነ በየጊዜው መታደስ ስላለበት የሚያድሰው ማን እንደሆነ፣ በስንትም እንደሆነ ያኔውኑ ጻፉ።

ዲዛይነሩ ጠፋ። ስልክ አያነሳም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ያለውን ሰብስቡ፦ የላከላችሁን መልእክት፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ፣ ውሉን። በኢሜይላችሁ ውስጥ የሆስቲንግ ወይም የዶሜን ሻጭ ስም ፈልጉ፤ አንድ ጊዜ የተላከ ማስታወሻ ሊኖር ይችላል። የዶሜኑን ስም ሉክአፕ ዶት አይካን ዶት ኦርግ ላይ ብታስገቡ ስም ባይወጣ እንኳ የት እንደተገዛና መቼ እንደሚያበቃ ይወጣል። የማብቂያው ቀን ከሁሉም ያስቸኩላል። ዶት ኢቲ ከሆነ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም በንግድ ፈቃዳችሁ ሂዱ።

አካውንቱ በእናንተ ኢሜይል ከሆነ ፓስዎርዱን ራሳችሁ ቀይራችሁ ትገባላችሁ፣ ሌላ ሠሪም በቀን ውስጥ ይረከበዋል። በእሱ ከሆነ በጋራ የምታውቁት ሰው ፈልጉና በትሕትና ማዛወሪያ ኮዱን ብቻ ጠይቁት። ሌላውን ቅሬታ ለጊዜው አታንሱ። አብዛኛው ሰው የሚሰወረው አፍሮ ወይም ሥራ በዝቶበት ነው፣ ጠብ የሌለበት አጭር ጥያቄ ሲደርሰው ይመልሳል። እንቢ ካለ ውሉንና ደረሰኙን ይዛችሁ ጠበቃ አማክሩ። በጎን ግን አሁኑኑ ቅርብ የሆነ ሌላ ስም በራሳችሁ አካውንት ግዙና ጎግል የንግድ ገጻችሁ ላይ ያለውን ሊንክ ወደዚያ ቀይሩት፤ ደንበኛ በመሐል እንዳይጠፋባችሁ።